የአበበ ቢቂላ ወርቅ እና የአሰልጣኙ ድርሻ



የዲፓርትመንቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር በመጣ ቁጥር ከዐስር ሶላት በኋላ ሜዳው ዳር የማይቀር ክርክር አለ። አምና ኳስ እያነጠረ መሮጥ ያቃተው ልጅ ዘንድሮ ሦስት ሰው አልፎ ሲያስቆጥር፣ ግማሹ ይህ የአሰልጣኙ ሥራ ነው ይላል። ግማሹ ደግሞ ልጁ ክረምቱን ሙሉ ብቻውን ሲወረውር እንደከረመ ይምላል። ክርክሩ ከሜዳ ወጥቶ እኛው ቤትም ይገባል። በጀመዓችን ቲቶሪያል የተረዳ አንድ የፍሬሽ ተማሪ ማትስን ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሲያልፍ፣ ቅዳሜውን ሰውቶ ያስጠናው ሲኒየር ምን ያህሉን የኔ ነው ሊል ይችላል? ከነጭራሹ ስሙ ካልተነሳስ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይመጣል?

ይህ አምድ የሶሓቦችንና የዑለማዎችን ሕይወት ሲያስነብባችሁ ቆይቷል። ዛሬ ከቤታችን ትንሽ ወጣ ብለን የአንድ ሯጭ ሕይወት እናያለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሙስሊም አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪና አስተማሪ እንዴት እንደሚካፈሉ ለመመርመር ከሱ ታሪክ የተሻለ በአገራችን አላገኘሁም።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ልጅነቱ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነበር። ከብት ጠበቀ፣ እንደ እኩዮቹ ገና ተጫወተ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ በዘመኑ ከነበሩ ብዙ ሺህ የሸዋ ልጆች ታሪክ አይለይም። ለዓለም የሚበቃ ሯጭ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱ አያውቅም።

አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ፊንላንድ የተወለዱ ስዊድናዊ ነበሩ። ስዊድናዊ ከኢትዮጵያ ወታደር ጋር ምን አገናኘው ለሚል፣ መልሱ ከአዲስ አበባ ወደኛ ወደ አምቦ በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ሆለታን ስናልፍ የምናውቀው የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ሲከፈት አሠልጣኞቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ወረራው ሥራቸውን ብዙም ሳይቆይ አቋረጠው። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ እንደገና ፊታቸውን ወደ ስዊድን አዞሩ፤ መኮንኖች፣ መምህራንና ሐኪሞች መጡ። ኒስካነን ከነዚህ አንዱ ሆነው በ1930ዎቹ መጨረሻ መጥተው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በትምህርት ሚኒስቴር መሩ፤ ከክቡር ዘበኛ ወታደሮች ጋርም ሠሩ።

እዚህ ላይ የአሰልጣኝ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን አንድ ነገር ላንሳ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ኒስካነን አገሪቱ ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ውጤቱ ግን ባዶ ነበር። በማራቶን ባሻዬ ፈለቀ 29ኛ፣ ገብሬ ብርቃይ 32ኛ ወጡ። ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣት ወታደር በ800 እና በ1,500 ሜትር ሮጦ በማጣሪያው ቀረ። ከፍታው ያው ከፍታ ነው፣ አየሩ ያው አየር ነው፣ ሰዎቹም ያው የሸዋና የአርሲ ልጆች ናቸው፤ አሰልጣኙም እዚያው ነበሩ። ስለዚህ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻውን ይበቃል የሚለውም፣ አሰልጣኝ ከመጣ ሁሉም ይስተካከላል የሚለውም ሜልቦርንን ማስረዳት አለበት።

ከሜልቦርን በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት የተለወጠው ሥራው ነው። ወታደሮቹ በዘፈቀደ መሮጥ ትተው በዕቅድ መሮጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ረጅም መንገድ፣ አንድ ቀን ዳገት፣ አንድ ቀን ደግሞ በአጭር ርቀት እየፈጠኑና እያረፉ። ስዊድኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩት ፋርትሌክ የሚባለው ፍጥነትን እየቀያየሩ የመሮጥ ዘዴ የዚህ ትምህርት ዘመድ ነው። ሰዓት ይያዛል፣ ይመዘገባል፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ይነጻጸራል። ዛሬ ከሱብሒ በኋላ ወደ ጉደር መንገድ የሚሮጡትን ልጆች ስናይ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስለናል፤ በዚያ ዘመን ግን ወታደር ሰዓት ተይዞለት ዳገት የሚሮጥበት ምክንያት ለብዙው ሰው ግልጽ አልነበረም።

አበበ ወደዚህ ሥልጠና የገባው ዘግይቶ ነው። ከሱ በፊት የሠራዊቱ ዝነኛ ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። አዲስ መጪ ሁልጊዜ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነውና፣ አበበ ከአሰልጣኙ በተጨማሪ ዋሚን የመሰለ ሰው ከፊቱ መሮጡ የራሱ ትምህርት ቤት እንደነበር እገምታለሁ። በ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የማራቶን ማጣሪያ አበበ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ገባ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ከተማ ይህ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ኒስካነን ገብቷቸዋል። ከአገር ውጭ ያለው የስፖርት ዓለም ግን ቁጥሩን ቢሰማም አላመነም፤ ወይም ከቁብ አልቆጠረውም።

ከማጣሪያው በኋላ ሮም ተሄደ። ጫማ ተሞከረ፣ ለእግሩ የሚስማማ አልተገኘም፤ በባዶ እግሩ መሮጥ ለምዶ ነበርና በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተወሰነ። ከውድድሩ በፊት አበበና ኒስካነን መንገዱን አብረው አዩት። ከመጨረሻው መስመር ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ሲቀር የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ዘርፈው ወስደው ሮም ላይ ያቆሙት ሐውልት። ከሐውልቱ ወዲያ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። ተነጥሎ መውጣት የሚገባው እዚህ ጋ እንደሆነ ተስማሙ። ይህ የአሰልጣኝ ሥራ ነው፦ ቦታውን አስቀድሞ ማየትና ምልክት ማድረግ። ምልክቱ የአገሩ ሐውልት መሆኑ ለአበበ ምን እንደተሰማው ማሰብ ለኛ አይከብድም።

ኒስካነን ሌላም ነገር ነግረውት ነበር፤ ይህኛው ስህተት ሆነ። ከሚፈሩት ተወዳዳሪዎች አንዱ ሞሮኳዊው ራዲ ቢን ዐብዱሰላም ነበር። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉን የአገር አቋራጭ ሩጫ ያሸነፈ ወታደር ነው። ቁጥሩ 26 እንደሚሆን ለአበበ ተነገረው። ራዲ ግን በ10,000 ሜትር የለበሰውን ቁጥር 185ን ለብሶ ማራቶኑን ጀመረ።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሩጫው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው አበሩ። አበበና ራዲ ከሌሎቹ ተለይተው ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጡ። አበበ ግን 26 ቁጥርን ከፊቱ እየፈለገ ነበር። አጠገቡ ያለው 185 ቁጥር የሚፈልገው ሰው መሆኑን አያውቅም። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሁለት ነገር አብሮ ይመጣብኛል። አንደኛ፣ አሰልጣኙ የሰጡት መረጃ ሜዳ ላይ እርባና አጣ። ሁለተኛ፣ ሯጩ ተቀናቃኜ ገና ከፊቴ ነው ብሎ ስላሰበ አልዘናጋም። ስህተቱ ጎድቶታል ወይስ ጠቅሞታል? እኔ ጠቅሞታል ባይ ነኝ፤ ለዚህ ጥቅም ግን አሰልጣኙን ማመስገን አይቻልም።

ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ተነጠለ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ገባ። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለው። ራዲ 25 ሴኮንድ ገደማ ዘግይቶ ገባ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅና የሞሮኮ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንገድ፣ ጎን ለጎን ከሮጡ ሁለት ወታደሮች የመጡ ናቸው።

በማግስቱ የአውሮፓ ጋዜጦች ይህን ሰው ማን አገኘው ብለው ጠየቁ፤ ስዊድናዊው አሰልጣኝም የታሪኩ እኩሌታ ሆኑ። አገር ቤት ደግሞ ጀግናው ጀግና የሆነው በተፈጥሮው ነው የሚል ኩራት ነበር፤ እስከ ዛሬም አለ። የውጭ ሰው ስም ሲነሳ ቅር የሚለው ሰው አጋጥሞኛል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ስም ይረሳሉ። በዚያው ማራቶን አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ 7ኛ ወጥቷል፤ ሰዓቱ 2:21:10 ነው።

ለኔ የአሰልጣኙ ድርሻ በደንብ የሚታየው እዚህ 7ኛ ደረጃ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምርጥ የማራቶን ሯጭ 29ኛ ነበር። አሁን ሁለተኛው ሯጫችን 7ኛ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያሻሽል ኖሮ ተአምር ነው፣ ወይም ዕድል ነው እንላለን። ሁለቱም አብረው ሲያሻሽሉ ግን መካከላቸው የጋራ የሆነ ነገር አለ፤ የጋራቸው ልምምዱ፣ ሰዓት መያዣውና አሰልጣኙ ናቸው። ከዚያ ደግሞ በሁለቱ አበበዎች መካከል ወደ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት አለ። አሰልጣኙ ለሁለቱም አንድ ናቸውና ይህን ልዩነት ለሳቸው መስጠት አይቻልም። እሱ የአበበ ቢቂላ የራሱ ነው፤ ሳንባውንና እግሩን ደግሞ ማንም ሰው ሳይደርስበት የሰጠው አላህ ነው። ሒሳቡ እንደ ማትስ ልቅም ያለ አይደለም፤ ዋቅጅራም የራሱ ስጦታና ድካም ነበረው። ቢሆንም አበበ ቢቂላን ብቻ እያየን ስንከራከር የማናየውን ያሳየናል።

ከሮም በኋላ ያለው ሕይወቱ ክርክሩን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። በታህሳስ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር አበበ የዚያው ክፍል ወታደር ስለነበር ታስሮ ተፈታ። ከዚያ በኋላ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺሴ ላይ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር ቀድመው ሲመሩ ቆይተው ዳገቱና ብርዱ ያዛቸው፤ አበበ 5ኛ ወጣ። ጨርሶ ያላሸነፈው ብቸኛው ማራቶን ይህ ነው። ሐውልት አስቀድሞ ያልታየበት መንገድ ነበር ብል ግን ማጋነን ይሆናል።

ቶኪዮ ደግሞ ሌላ ነው። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደብረ ዘይት ላይ ልምምድ እያደረገ ሕመም ተሰማው፣ ችሎ ሊያልፈው ሞከረ፣ ወደቀ። ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ሶምሶማ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን፣ ማለትም ከቀዶ ሕክምናው 35 ቀን በኋላ፣ በ2:12:11.2 አዲስ የዓለም ሰዓት አሸነፈ፤ ሁለተኛው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። ኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ሳይገቡ እሱ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ኒስካነን ቶኪዮም አብረውት ነበሩ። ይሁንና ቁስሉ ሳይጠግግ በጨለማ ግቢ ውስጥ የተነሳውን እግር ማንም አሰልጣኝ አላነሳውም።

ከዚህ በኋላ ስለ ማሞ ወልዴ ካልተናገርን ታሪኩ ይጎድላል። ሜልቦርን ላይ በ800 ሜትር ማጣሪያ የቀረው ልጅ ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጣ። ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ብር አገኘ። ከዚያ ማራቶኑ መጣ፤ አበበ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በእግር ጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ በ36 ዓመቱ ወርቁን ወሰደ። በ800 ሜትር የማይሆን ሰው በ42 ኪሎ ሜትር የዓለም አንደኛ ሊሆን እንደሚችል ለማየት አሥራ ሁለት ዓመት የሚታገስ ሰው ያስፈልጋል። ያን ትዕግሥት ማሞም አሰልጣኞቹም ነበራቸው። ብዙ ጊዜ ተማሪው ደካማ የሚመስለን የማይሆነው ቦታ ላይ ስላየነው ነው፤ ዲፓርትመንት ቀይሮ የተነሳ ጓደኛ ያለው አንባቢ ይህ ይገባዋል።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ከቶኪዮ በኋላ በስጦታ የተሰጠውን ቮልስዋገን ሲነዳ ተገለበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሩ አልቆመም። ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት የሚያክሙበት፣ በኋላ የፓራሊምፒክ ውድድር የበቀለበት ቦታ ነው። አበበ ቀስት መወርወር ተማረ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተዘጋጀው ውድድር ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ፣ በመንሸራተቻ ተቀምጦ በተካሄደ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በረዶ የሌለበት አገር ልጅ፣ እግሩ የማይታዘዘው፣ ከዚያ በፊት ሠልጥኖበት በማያውቀው ስፖርት! የአሰልጣኝ ድርሻ ምንም ነው የሚለው ተከራካሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ግን ለእሱም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰውነትን በየቀኑ መለካትን፣ ትላንት ካቆሙበት ዛሬ መቀጠልን አበበ የተማረው የት ነበር?

በእኛ ትምህርት ወግ ይህን ጥያቄ የምንፈታበት መንገድ ያለን ይመስለኛል። የወሎ ደረሳ ነሕዉን ካንዱ ሸኽ፣ ፊቅሁን ከሌላው እየዞረ ይቀራል። ሲያጠናቅቅ ከማን እንደቀራ ይጠየቃል፤ የሸኾቹን ስም በሰንሰለት ይናገራል። ዒልሙ የሸኹ ነው አይባልም፤ ደረሳው ነው ሌሊቱን በኩራዝ የተቀመጠው። የሸኹ ስም ግን አይዘለልም። ምስጋናው ለሁለት የሚቆረስ ዳቦ አይደለም፤ ለሸኹ ስለተሰጠ ከደረሳው አይጎድልም። ሰውን ማመስገን አላህን ከማመስገን እንደማይነጠልም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል።

የኢትዮጵያ ሩጫም እንዲህ ያለ ሰንሰለት አለው። ከኒስካነን ዘመን ሯጮች አንዱ የነበረው ንጉሤ ሮባ አሰልጣኝ ሆኖ በ1972 ዓ.ም. እነ ምሩጽ ይፍጠርን ሞስኮ አደረሰ። ከሱ በኋላ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ መጡ። የኛው የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በማራቶን ብር ሲያገኝ፣ ከምዕራብ ሸዋ ኮረብታ የመጣ ሯጭ ለዓለም መድረክ ይበቃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። አበበ ሮም ሲገባ ግን ጥያቄው ያ ነበር።

አበበ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ የሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት። ማሞ በ40 ዓመቱ ማራቶኑን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ሞተ። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ተቀበረ። ኒስካነን ከሱ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ኖሩ።

የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ የአበበ ድል 50ኛ ዓመት በሚታሰብበት የሮም ማራቶን፣ ሲራጅ ገና የሚባል ኢትዮጵያዊ ብቻውን ቀድሞ እየመጣ ነበር። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሲቀሩት ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ከዚያ በባዶ እግሩ ሮጦ ኮሎሲየሙ አጠገብ ገባ።